የእትዬ ካርትሪጅ

ሰኞ 4

ካርትሪጁ ደረሰ። የአሮጌ ካሴት ሰብሳቢው በጋዜጣ ጠቅልሎ በጫማ ካርቶን ልኮታል። ከጎኑ አንድ አሮጌ የመኪና ድምፅ ማጉያ ጨምሮበታል፤ «ምናልባት ይጠቅምህ ይሆናል» ይላል። ድምፅ ማጉያ ማለት ማግኔት ነው፤ ማግኔት ደግሞ ካሴት ላይ ያለውን ድምፅ ይበላል። ዕድሜውን ሙሉ ካሴት ሲሰበስብ የኖረ ሰው ይህን አያውቅም! ልሰድበው ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሳ፣ ይህ ካርትሪጅ ያለው ሌላ ሰው ፈልጌ እንዳጣሁ ትዝ አለኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ።

ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ፕላስቲክ ነው። ፊቱ ላይ የታላቅ እህቴ ፎቶ አለ፤ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ የጭነት መኪና መወጣጫ ላይ ተቀምጣ። ባርኔጣው የእሷ አልነበረም። መኪናውም። ያኔ በየነዳጅ ማደያው ለሾፌሮች የሚሸጥ ካንትሪ ሙዚቃ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ኩባንያ ነበር። አሥር ዘፈን አስቀረጻትና በዚህ ባለ ስምንት መስመር ካርትሪጅ ብቻ አወጣው። በሸክላ የለም፤ በተራው ካሴት የለም። ብዙ ሳይቆይ የካርትሪጅ ማጫወቻ የሚገጠምለት መኪና ጠፋ፣ ኩባንያውም ተዘጋ፣ ዋናው ቅጂ የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። እትዬ የራሷን ቅጂ ለአንድ ሾፌር አውሳ በዚያው ቀረ።

ለምን እንደምፈልገው፦ የእትዬ ግራ ጆሮ በልጅነቷ በጆሮ ደግፍ ጠፍቷል። አሁን ደግሞ በቀኙ ነርቭ ላይ እጢ ተገኘ። ክፉው ዓይነት አይደለም፤ ግን እያደገ ነው፣ ካልወጣ ወደ አንጎል ይገፋል። ሲወጣ መስማቷም አብሮ ይሄዳል። ሐኪሙ ይህን ሲነግራት አላለቀሰችም አሉ። ለእኔ ደውላ፣ «ያንን ዘፈኔን አንድ ጊዜ አሰማኝ፤ ከዚያ የፈለጉትን ያውጡ» አለች።

ሥራዬ ይኸው ነው። በዩኒቨርሲቲው የድምፅ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሻጋታ የበላውን፣ የተበጠሰውን፣ የተቃጠለውን ሳድን ኖሬአለሁ። የእህቴ አሥር ዘፈን አያቅተኝም። ሙዚቃው ሦስት ኮርድና አንድ ለቅሶ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።


ማክሰኞ 5

ከፈትኩት። የጠበቅሁት ነው። ክሩን የሚገፋው ጎማ ቀልጦ ዝፍት ሆኗል። ክሩን ከማንበቢያው ጋር የሚያስጠጋው ስፖንጅ በጣቴ ስነካው ዱቄት ሆነ። ካርትሪጅ እንደ ካሴት መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ ክሩ ጫፍና ጫፉ በብርማ ወረቀት ተያይዞ ዝም ብሎ ይዞራል። ያ ወረቀት ማጣበቂያው ደርቆ በተስፋ ብቻ ተንጠልጥሏል። እንዲሁ ማጫወቻው ውስጥ ቢገባ አንድ ዙር ሳይሞላ ይላቀቅና ክሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ የሚዘፍን የለም።

ጎማውን ከሌላ ካርትሪጅ እወስዳለሁ። ስፖንጁን እቆርጣለሁ። ቅጣዩን አድሳለሁ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክል አጫውቼ እገለብጠዋለሁ።


ሐሙስ 7

እትዬ እንደ ልማዷ እራት እንደተነሣ ደወለች። የምትኖረው ከልጇ ጋር በሌላ ከተማ ነው፤ እንዲህ ማታ ማታ ስትደውልልኝ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ ስልኩ ሲጮኽ «ክርክርህ መጣ» ትለኛለች።

«ደረሰልህ?»

«ደርሷል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አጫውተውና ስልኩን አስጠጋልኝ።»

«በስልክ ሙዚቃ አይሰማም፣ እትዬ። ስልክ የድምፁን ግማሽ ይጥለዋል።»

«እኔም የቀረኝ ግማሽ ጆሮ ነው፤ ከስልኩ ጋር እንግባባለን።»

«ሳይጠገን ከነካሁት ይበጠሳል። አንድ ነው ያለው! ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ሚዛን፣ ገባኝ። አንተ እኮ ስትወለድም አዋላጇን ሰዓቷ ልክ መሆኑን ጠይቀሃታል።»

ሚዛን ያለችኝ ልጅ ሳለሁ ዳቦ እኩል አልተቆረሰም ብዬ በማስመሪያ ስለካ አይታ ነው። ዳቦው እኩል አልነበረም። ይህንን የሚጠቅስ የለም።


ሰኞ 11፣ ምሳ ሰዓት

አዲሷ ኃላፊ አስጠራችኝ። ዕድሜዋ ከእኔ በብዙ ያንሳል፤ ወንበሯ ግን ከእኔ ይበልጣል።

«እርስዎ የዚህ ቤት ትልቅ ሰው ነዎት። ግን ጠረጴዛዎ ላይ የግል ዕቃ አይቻለሁ።»

«የግል አይደለም። ሌላ ቅጂ ያልተገኘለት የታተመ ሥራ ነው።»

«ካንትሪ ሙዚቃ?»

እኔ ራሴ ቃሉን የምጠራበት ቃና ነው። ከእሷ አፍ ስሰማው ደሜ ፈላ። «አዎ! ካንትሪ ሙዚቃ!» ብዬ ጮህኩ። ጸሐፊዋ ከመዝገቧ ቀና አለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ እንድሠራ ተፈቀደልኝ። ተፈቀደልኝ!


ረቡዕ 13

ጎማው ገባ። ስፖንጁ ገባ። ቅጣዩን ስሠራ ጫፉን የያዘልኝ ጢሞ ነው። ጢሞ የፊልም ክፍሉ ባልደረባዬ ነው፤ ጢሙ ደረቱን ስለሚነካ ማንም በስሙ አይጠራውም።

«እኔ የምፈራው ጢሜ አብሮ እንዳይቀጠል ነው» አለ።

«ዝም ብለህ ያዝ።»

«ይያዛል። ያኔ ደግሞ እህትህ ስትዘፍን እኔ አብሬ እዞራለሁ።»

ሳቅሁ መሰለኝ። ቅጣዩ በጣም ጥሩ ነው። ከዚህ የተሻለ ቅጣይ የሚሠራ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ።


ቅዳሜ 16

መሥሪያ ቤቱ ባዶ ነበር። ማጫወቻውን በመፈተኛ ካርትሪጅ ለካሁት፤ ፍጥነቱ ልክ ነው። ከዚያ የእትዬን አስገባሁ።

ክሩ ያዘ። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ፣ ያ ጭን ላይ ተጋድሞ በብረት እየተሻሸ የሚያላዝነው ዓይነት። ቀጥሎ ከበሮ። ቀጥሎ ድምፅ ገባ፣ እኔም አጠፋሁት።

ያ ድምፅ የእህቴ አይደለም።

እንደገና ከፈትኩት። «የመጨረሻው ማደያ» የሚለው ዘፈን ነው፤ ባሏ ነዳጅ ቀድቶ ሳይመለስ የቀረባት ሴት ታሪክ። ከንቱ ግጥም። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከላይ ነው፣ ልጅ ልጅ ይላል። የእህቴን ድምፅ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ በየማታው ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሻክር። ስለዚህ ማጫወቻው ልክ ከሆነ ጥፋቱ የኩባንያው ነው፤ ሲያባዙ አፍጥነውታል። ዘፈኖቹን አራት እኩል ክፍል ላይ ለማጨቅ ሲሉ አንዱን ዘፈን መሀል ላይ ቆርጠው ቀሪውን ወደ ሌላ መስመር ያሻገሩ ሰዎች፣ ፍጥነት ቢያዛቡ ምን ይገርማል?

በተሳሳተ ፍጥነት መገልበጥ ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው። ክሩ ደግሞ ብዙ ዙር የሚችል አይመስልም፤ ጀርባው ላይ ያለው ማለስለሻ ደርቋል። ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛው ፍጥነት ይገኝ። ለሙከራ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ቀዳሁ።


ሰኞ 18

ነገርኳት። «እንዲያውም ይፍጠን፤ ቶሎ ይድረስልኝ» አለች። ከዚያ «የቀዳሃትን ቁራጭ ላክልኝ» አለች።

ያላለቀ ሥራ ከእጄ አይወጣም አልኳት።

«በሞቴ?»

«እትዬ፣ በሞትሽ አትበይኝ።»

ስለ ጎረቤቷ ውሻ አወራችኝ።


ሐሙስ 21

የእህቴ ልጅ ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ቀዶ ጥገናው ለሚመጣው ወር 16 ተቀጥሯል። ጊዜ አለ።

«ጋሼ፣ ዘፈኑ የት ደረሰ?»

«እየተሠራ ነው።»

«ሐኪሙ ምን አለ መሰለህ፤ ድምፁ ይደርሳታል፣ ግን እየተደባለቀባት ይሄዳል። ትናንት ሬዲዮ ከፍቼላት ‹ይሄ ሰውዬ ቆርቆሮ ነው እንዴ የሚያኝከው?› አለችኝ።»

የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ስርጭት በእርግጥ አስቀያሚ ሆኗል። ይህንን ነገርኳት። «እሺ ጋሼ» ብላ ዘጋች። ይህቺ ልጅ እሺ ስትል እንደ ስድብ ነው።


እሑድ 24

ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አይጨርሰውም። ከጨረሰው እኮ…» ስትል አየችኝና አቆመች።

«ከጨረስኩት ምን?» አልኳት።

«ሽንኩርት ጨርሰናል ልላት ነበር።»

ነገሩ ከሽንኩርት ጋር የሚያያዝ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም። ወደ ማታ ራሷ መጣች፤ ወንበሬ ክንድ ላይ ተቀመጠች። «አንተ ሰው፣ ለማን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ለእህቴ ነዋ! አልኳት። «እሷ የጠየቀችህ ዘፈኗን ነው። ፍጥነት አልጠየቀችህም።»

ሙያን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። ባለቤቴ ግን አስተማሪ ናት፤ የተሳሳተ መልስ ያለበት ወረቀት አስተካክላ እንጂ እንዲሁ አትመልስም። ይህን ብላት ኖሮ ጥሩ መልስ ይሆን ነበር። አሁን ነው የመጣልኝ።


ረቡዕ 27

ጊታሩን የተጫወተውን ሰው አፈላልጌ አገኘሁት፤ አሁን የመኪና ወንበር ያለብሳል። በስልክ እንዲህ ተባባልን።

«የመጀመሪያው ዘፈን በምን ቁልፍ ነበር?»

«እሷ በፈለገችው።»

«እሱማ ይገባኛል። ጊታርህን በምን ቃኝተኸው ነበር?»

«ወንድሜ፣ ያን ዕለት ቃኝቼው እንደነበርም እርግጠኛ አይደለሁም። ጠጥተን ነበር፤ ከበሮ መቺው ብቻ አልጠጣም፣ እሱም ጨጓራውን ታሞ። እሷ ግን… ድምጿ ያኔ ወፍ ነበር። ጠፍር የሌላት ወፍ። እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«እኔ በሕይወት እንዳለሁ ንገራት፤ እንዳትደነግጥ ግን ቀስ ብለህ።»

የሰከረ ሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። «ወፍ» መለኪያ አይደለም። ያም ሆኖ ከሥራ ስመለስ በመንገድ ላይ ያቺ ቃል አብራኝ ነበረች። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እቤት ስትዘፍን አባታችን «የሾፌር ዘፈን!» እያለ በሩን ያስዘጋት ስለነበር፣ እኔ የምሰማው በበር ውስጥ ያለፈ ድምፅ ነው። በር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል። ይህ ፊዚክስ ነው።


ሰኞ 2

ከእትዬ ጋር ተጣላን ማለት ይቻላል። ጊታረኛው ሰላም ብሎሻል አልኳት። «አዎ፣ ዘነበ፤ ልብሱን አስገብተናል» አለች። ደግሜ ነገርኳት። «እሱን ለልጅቷ ንገራት» አለች። ምን ለልጅቷ ልንገራት? ሳናግራት ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት፤ የሰው ነገር በግማሽ ጆሮ ነው የምትሰማው።

የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። አልሰርዘውም። በዚህ ደብተር ምንም አልሰርዝም።

የስልክ መስመሩን ነገ ላስመርምረው።


ሐሙስ 5

የቀዳሁትን ስንኝ በኮምፒውተር ዝቅ እያደረግሁ ሞከርኩ። ትንሽ ዝቅ፤ አይደለችም። ሌላ ትንሽ፤ አይደለችም። እጅግ ዝቅ ሳደርገው መጣች። ያቺው፣ ማታ ማታ የምትደውልልኝ። «ነዳጅ ሞላ፣ ልቤን አጎደለ» ስትል የ«ለ»ዋ መጨረሻ ሻክሮ ቀረ። ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ።

ችግሩ፣ ከበሮው አስከሬን የሚሸኝ ይመስላል። ጊታሩም እንደታመመ ላም ይላል። ድምጿ ልክ ከሆነ እነሱ ለምን ይሳሳታሉ? ነገ ከነገ ወዲያ አየዋለሁ። የመስመር ሠራተኞቹ መጥተው ስልኩ ምንም የለውም ብለው ሄዱ። ሥራቸውን የማያውቁ ሰዎች።


ቅዳሜ 7

ጢሞ ፊልም ሊያጥብ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ አዳመጠ።

«ይሄ ምንድን ነው የምትጎትተው?»

«የእህቴ ድምፅ ነው።»

«አሞኛል እያለች ነው እንዴ?» ከዚያ ጢሙን ይዞ አሰበ። «የመብራቱን ጉርምርምታ አየኸው?»

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ። ቀረጻ ክፍል ውስጥ ያለው የመብራት ኃይል ክሩ ላይ ስስ ጉርምርምታ ትቶ ያልፋል። የእኔም ማጫወቻ የራሱን ያሰማል። ክሩ ሲባዛ ፈጥኖ ቢሆን፣ ሁለቱ ጉርምርምታዎች ተለያይተው ይታያሉ። ካልፈጠነ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ማየት ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

«እስካሁን አላየሁትም» አልኩት።

«አንተ?» አለ። ከዚያ ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባ።

አየሁት። ክሩ ሲሮጥ ጉርምርምታው በረታ እንጂ ለሁለት አልተከፈለም። ፍጥነቱ ልክ ነው። ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። ያ ቀጭን፣ ከላይ የሚሄድ፣ ልጅ ልጅ የሚል ድምፅ የእህቴ ነው።

ለምን ቀድሜ አልለካሁትም? ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ኃላፊዋም ነበረች። ስልኩም ነበር።

በሩ ተዘግቶ ስለነበር ቁጭ ብዬ ያቺን ስንኝ በራሷ ፍጥነት ሰማኋት። ደግሜም ሰማኋት። ይህቺን ሴት አላውቃትም። ደስ ያላት ሴት ናት።


ሰኞ 9፣ ቢሮ

የእህቴ ልጅ ደወለች። እጢው እትዬን ያዞራት ነበር፣ አሁን ብሶባታል፤ ትናንት ደረጃ ላይ ወደቀች። አልተጎዳችም። ቀዶ ጥገናው ወደ ዓርብ መጣ። ይህ ዓርብ!

ካርትሪጁ አልተገለበጠም። ማለስለሻ አልተቀባም። ጫጫታው አልጸዳም። ሁለት ሳምንት ቢሰጠኝ።

ባለቤቴን ደወልኩላት። «ማጫወቻውን ጭነህ ሂድ» አለች።

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።»

«እንግዲህ ይክሰሱህ።»


ረቡዕ 11፣ መንገድ ላይ

ኃላፊዋ ፈረመች። አልተከራከረችም፤ «እህትዎ እንደሆኑ ለምን አልነገሩኝም?» ብቻ አለች። ስለ ቅርሱ ዋጋ ሁለት ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር። በኪሴ ቀረ።

ማጫወቻው የኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ። ካርትሪጁ ጭኔ ላይ። ዝናብ። ባለቤቴ ናት የምትነዳው፤ ለጉድጓድ ስትቀንስ እንኳ ቀስ በይ እላታለሁ። አንዴ አቆመችና «ውረድና አንተ ተሸክመኸው ሂድ» አለች። አልወረድኩም።


ሐሙስ 12

ማጫወቻውን እትዬ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከልኩት። ድምፅ ማጉያዎቹን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አዞርኩ። ከንፈሯን ተቀብታ፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች።

«ምነው ተሸለምሽ?» አልኳት።

አላየችኝም ነበር። ፊት ለፊቷ ዞሬ ስደግመው ከንፈሬን አየችና «ኮንሰርት ነዋ!» አለች።

ካርትሪጁ ማለስለሻ እንዳልተቀባ፣ ጫጫታ እንዳለው፣ ሊያስቸግር እንደሚችል ነገርኳት። እጇን አወናጨፈች። «ጀምረው፣ ሚዛን።» ልጇ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ።

ጀመርኩት። ጊታሩ ገባ። እትዬ መዳፏን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመልሳ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ የወንበሩን ክንድ መምታት ጀመረ። ከከበሮው ጋር አልገጠመም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ደግሞ አየሁ። እየዘፈነች ነው፤ ካርትሪጁ ግን ስንኙን ቀድሟት ሄዷል። ድሮም ከምቱ ወደ ኋላ ቀርታ ነው የምትዘፍነው አልኩ በልቤ። እንዲህ ስትዘፍን መቼ ሰማሁ?

ሁለተኛው ስንኝ መሀል ላይ ክሩ ያዘ። የፈራሁት ነው፤ ጥቅሉ ጠበቀ። ጊታሩ ተንጋደደ፣ ከበሮው ተጎተተ፣ የሃያ አራት ዓመቷ ልጅ ድምፅ እየወረደ፣ እየወፈረ ሄዶ በሬ ሆነ። ባለቤቴ ጆሮዋን ያዘች። የእህቴ ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ የማይዘገንነው ሰው የለም።

እትዬ ዓይኗን አልገለጠችም። ጣቷ በዚያው ምት መምታቱን ቀጠለ። ፈገግ ብላለች።

ክሩ ሳይበጠስ አጠፋሁት።

ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የቀረው እሷ ብቻ ናት። ዝቅ ባለ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ ዘፈነች። የጊታሩ ቦታ ሲደርስ በአፍንጫዋ አላዘነች፣ የከበሮውን ምቶች ጠበቀች፣ በቦታዋ ገባች። ባሏ ነዳጅ ቀድቶ ሄደ። ሴትዮዋ መብራቱን አጠፋች። ዘፈኑ አለቀ። ሁለት ዘፈኖች መሀል የሚኖረውን ያህል ዝም አለች፤ ከዚያ የሚቀጥለውን ጀመረች።

ማጫወቻው ፊቱ ላይ ቀይ መብራት አለው። መጥፋቱን እንዳታይ ሄጄ ከፊቱ ቆምኩ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆምኩ። የእህቴ ልጅ ወደ ጓዳ ሄደች።

ስትጨርስ ዓይኗን ገለጠች። ጉንጯ ቀልቷል። ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከእኔ ወዲያ ያለውን ለማየት አልሞከረችም።

«አቤት! ጎበዝ ነበርኩ እኮ!»

«ጎበዝ ነበርሽ።»

«ጫጫታ ምናምን ያልከው የታለ? እኔ አልሰማሁም። አንተስ? እንከን አገኘህበት?»

ከንፈሬን እንድታይ ጎንበስ አልኩ። «ምንም እንከን የለውም» አልኳት።

«ፍጥነቱስ?»

«ልክ ነው።»

«አየህ!» ብላ ጉልበቴን መታችኝ። «ሚዛን ራሱ ልክ ነው አለ። በሉ አሁን ይውሰዱኝ።»

ማጫወቻው በመጀመሪያው ዘፈን መሀል መቆሙን እዚህ የማሰፍረው ለትክክለኛነት ብቻ ነው። እትዬ ዘፈኗን ሰምታለች።

በመጀመሪያው ሳምንት በስልክ ለምን አላሰማሃትም የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ያኔ ክሩ ይበጠስ ነበር ብዬ እመልስለታለሁ፤ እውነት ነው። ከተጠገነ በኋላስ? የሚለኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ባለቤቴ ስታውቅ ዝም ብላለች። አጠገቤ ተኝታ እጄን ይዛለች፤ በግራዬ ስለምጽፍ ፊደሉ ተንሻፏል።


ቅዳሜ 14

እጢው ወጥቷል። ፊቷ አልተጣመመም፤ ሐኪሙ የፈራው እሱን ነበር። ጭንቅላቷ እንደተጠቀለለ ተኝታ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ነቃች።

ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። የእህቴ ልጅ ማዶ ተቀምጣለች። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች በሽተኞች አሉ፤ አንዷ ገና ከማደንዘዣ እየወጣች ነው፤ ግድግዳው ላይ ጸጥታ ይከበር ይላል።

እትዬ ዓይኗ እኔ ላይ ደረሰ።

«ሚዛን!» አለች።

ክፍሉ ተናወጠ። የራሷ ድምፅ አይደርሳትም፤ ምን ያህል እንደጮኸች የምታውቅበት መንገድ የላትም። ነርሷ በር ላይ ብቅ አለች። ማዶ ያለችው በሽተኛ ዓይኗን ገለጠች።

«ምሳ በልተሃል ወይ? ፊትህ አመድ መስሏል! ይሄን ልጅ አብሉት እንጂ!»

የእህቴ ልጅ በምልክት ጠቀሰችኝ፤ ቀስ ብላ እንድታወራ ንገራት ማለቷ ነው። ነርሷም እኔኑ ታያለች። ጎንበስ ብዬ ከንፈሬን አሳየኋት።

«በልቻለሁ» አልኳት። «ሌላስ? ንገሪኝ።»